አፈር፣ ትልና የተመለሰው ዳቦ ቆሎ

አዲስ አበባ ያለ አብሮ አደጌ ልጆቼ የሠሩትን ጣፋጭ በፎቶግራፍ አይቶ «ወተትና ማር ይፈስበታል የተባለ አገር ሄደህ ልጆችህን አፈር በትል ታበላለህ?» ብሎ ላከልኝ። ወሬው በማግስቱ ለሌሎቹም ደረሰ። አንዱ «እዚያ የሚበላው ሁሉ እንዲህ ነው?» አለኝ፤ ሌላው አሜሪካ ለመምጣት ምን ምን እንደሚያስፈልግ ጠየቀኝ። ለሁሉም ባንድ ላይ ልመልስ።

አፈሩ ጥቁር ብስኩት ነው፤ ልጆቹ ከረጢት ውስጥ ከተው በዘነዘና ያደቁታል። ጭቃው ፑዲንግ ይባላል፤ በካርቶን የሚሸጥ የቸኮሌት ዱቄት በቀዝቃዛ ወተት ሲመታ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ትሉ የሚለጠጥ ከረሜላ ነው፤ ግማሹን ቀብረው ግማሹን ብቅ ሲያደርጉት ዝናብ ያስወጣው ትል ይመስላል። ከላይ የናና ቅጠል ይተከላል፤ እሳት የሚባል ነገር አይነካውም። እናቴ በቪዲዮ ስታየን «አፈር ስሆን፣ ለልጅ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?» ብላ ጮኸች። ትንሿ ልጄ ደግሞ አንዱን ትል በጥርሷ ነክሳ እስኪበጠስ እየጎተተች ለአያቷ አሳየቻት። እኔ ራሴ አገር ቤት ሳለሁ ማዕድ ቤት የምገባው ውሃ ልጠጣ ብቻ ነበር። እዚህ ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ስትገባ አባት ሽሮም ይሠራል፣ ትልም ይቀብራል። የመምጫውን ነገር የጠየቅከኝ ወዳጄ፣ ቪዛው እስኪደርስ ወጥ መሥራት ተማር።

እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ግን ሌላ ነው።

አሜሪካኖች ከ1970 ጀምሮ ኤፕሪል 22ን፣ ማለትም የእኛን ሚያዝያ 14ን፣ የመሬት ቀን ብለው ያከብራሉ። የልጄ መምህርት ለዚሁ ቀን ወላጆች ክፍል ገብተው ከልጆች ጋር አፈርና ትል እንዲሠሩ ጋበዘች። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም ገና አልተፈታም፤ ልጄም ሰባት ዓመት አልፎታልና ወተቱን አይቀምስም። እሱም የሚበላው እንዲያገኝ፣ ጓደኞቹም እንዲቀምሱ ብዬ እናቴ የላከችውን ዳቦ ቆሎ በክዳን ዕቃ ሞልቼ ሄድኩ። መምህርቷ አንዷን ፍሬ በሁለት ጣቷ አንሥታ አገላበጠቻትና «የይዘት ዝርዝሩ የታለ?» አለች። እናቴ ናት የሠራችው አልኳት። ፈገግታዋ ሳይጎድል ክዳኑን ገጥማ ወደ ቤት እንድመልሰው ነገረችኝ። ለቅሶ ቤት የወሰደው አገልግል ሳይከፈት እንደ ተመለሰበት ሰው ዕቃዬን ታቅፌ ቆምኩ። ልጄ እጅጌዬን ስቦ «አባዬ፣ መኪና ውስጥ ደብቀው» አለኝ። ከመምህርቷ ንግግር ይልቅ ያቺ «ደብቀው» አጥንቴ ድረስ ገባች። ከዚያ በኋላ ልጁ ምንም ሳይቀምስ የሌሎችን ልጆች ትል ሲቀብር ዋለ።

ዝርዝር ከተፈለገ እኔም ዝርዝር ላንብብ ብዬ የትሉን ከረጢት ገለበጥኩት። ጄላቲን ይላል። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት የሚወጣ ነው፤ የምን እንስሳ እንደሆነ ካልተጻፈ እዚህ አገር የአሳማ ሊሆን እንደሚችል ያዙት። የአያቱ እህል ተመልሶ የአሳማ ቆዳ በክብር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ወረቀት አለዋ!

ሕጉን ግን አላማም። ኦቾሎኒ ቀምሶ ትንፋሹ የሚያጥረው ልጅ አለ። የአሜሪካ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ የግድ እንዲጻፉ የሚያዛቸው ዘጠኝ አለርጂ አምጪ ምግቦች አሉ፤ ስንዴ፣ ወተትና እንቁላል ከእነዚያ ውስጥ ናቸው፣ ሰሊጥም ከ2023 ጀምሮ ተጨምሯል። እኛ አለርጂን የቅምጥል በሽታ እናደርገዋለን፤ እነሱ ደግሞ ፋብሪካ ያልነካውን እጅ ሁሉ ይጠረጥራሉ። ቅር ያለኝ መመለሱ አይደለም፤ «ምን ይባላል?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለዚህ ልጅ ይዛችሁ የምትመጡ፣ የቤት ምግብ ወደ ትምህርት ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት መምህሩን ጠይቁ። ጄላቲን ለማትፈልጉ፣ ከፍራፍሬ በሚገኝ ፔክቲን የተሠራ ትል ይሸጣል፤ ፈልጉት። በጾም ደግሞ የፑዲንጉን ዱቄት በአኩሪ አተር ወተት ለመምታት አትድከሙ፣ አይረጋም፤ ካርቶኑም ይህንኑ ይናገራል። አቮካዶ ከካካዎ ዱቄትና ከስኳር ጋር ሲፈጭ ከፑዲንጉ የተሻለ ጭቃ ይወጣዋል። ኦሪዮ የሚባለውም ጥቁር ብስኩት በይዘት ዝርዝሩ ውስጥ ወተት የለበትም።

አሁን የክፍል ጓደኞቹን ቤታችን እንጠራለን፤ እኔም ለየወላጆቻቸው አስቀድሜ ደውዬ ምን እንደማይስማማቸው እጠይቃለሁ። ባለፈው ትንሿ ልጄ አፈሩን ትክ ብላ አይታ «ጠጠር የለውም» አለችና ዳቦ ቆሎ በእፍኟ ዘግና በተነችበት። እንግዶቹ ልጆች ትሉን ወደ ዳር እየገፉ ጠጠሩን ለቀሙት፤ አንዱማ ጠጠር ብቻ ይጨመርልኝ ብሎ ባዶ ኩባያውን ዘረጋልኝ።