አምሽቶ መተኛትና የጠዋት ሩጫ፦ እስካሁን የታዘብኩት

ለታላቁ ሩጫ በምንዘጋጅ ሰዎች መካከል ስለ ጫማ፣ ስለ ኪሎ ሜትርና ስለ ጉልበት ሕመም ብዙ ይወራል። ስለ እንቅልፍ ግን ወሬ የለም። እኔ ከሐምሌ ጀምሮ ደብተሬ ላይ ከሮጥኩት ርቀት ጎን የተኛሁበትንና የተነሳሁበትን ሰዓት እጽፋለሁ። ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ የልብ ምቴን አንጓዬ ላይ ቆጥሬ እሱንም አሰፍራለሁ። አሁን ጥቅምት ገብቷል፣ ሩጫው ኅዳር ላይ ነው። ደብተሩ ላይ የተጠራቀመው ነገር ከጫማ ምርጫ በላይ የሚጠቅም ስለመሰለኝ ላካፍላችሁ።

የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። የታክሲ ሰልፉን ታውቁታላችሁ፤ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት መውጣት አለብኝ። ለመሮጥ ደግሞ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት ግድ ነው። የምተኛው ግን ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነበር። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ለምን እንደማመሽ ስጽፈው ግልጽ ሆነልኝ። ኳስ አለ፤ እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። ስልክ አለ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነው ብዬ እገዛና ዳታው እንዳይባክን ቲክቶክ ላይ አፍጥጬ አመሻለሁ። ጥቂት ብር ለማትረፍ የሁለት ሰዓት እንቅልፍ! ዋሽንግተን ያለው ወንድሜም አለ። እሱ 11 ሰዓት ላይ ከሥራ ወጥቶ ሲደውል እኛ ዘንድ እኩለ ሌሊት ነው። የእሱ ነገር በአንድ ንግግር ተፈታ፤ አሁን ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄድ ይደውልልኛል፣ እኔ ጋ ምሳ ተበልቶ ያበቃበት ሰዓት ነው። አሜሪካ ያላችሁ ወገኖች፣ ይህችን ብታስቡልን ደስ ይለናል።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። ደህና በተኛሁ ማግስት የጠዋት ምቴ በደቂቃ 58 ወይም 60 ነው። ባመሸሁ ማግስት 66፣ አንዳንዴ 68 ይገባል። መንገዱ ያው፣ ዳገቱ ያው፣ እግሬ ግን አልታዘዝ ይላል። ከእግሬም በፊት የሚለግመው ፍላጎቴ ነው፤ ግማሽ መንገድ ላይ «ብመለስስ?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ያንኑ ሥራ ሲሠራ ከወትሮው ይበልጥ እንደሚከብደው በስፖርት ሳይንስ የታወቀ ነው። እኔም ደብተሬ ላይ «ከበደኝ» የሚለውን ቃል የጻፍኩባቸውን ቀናት ስመለከት አብዛኞቹ ያመሸሁባቸው ማግስቶች ናቸው።

ሌላው ረሃብ ነው። ባመሸሁ ማግስት ምሳ ጥግብ ብዬ በልቼ 9 ሰዓት ላይ ቦምቦሊኖ ፍለጋ እወጣለሁ። ይህ የሆድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። 2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣቶች ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ ሲተኙ «ጠግቤያለሁ» የሚለው ሆርሞን፣ ሌፕቲን፣ ወርዶ «ራበኝ» የሚለው ግሬሊን ከፍ ብሏል። ይበልጥ ያማራቸውም ጣፋጭና ጨዋማ ምግብ፣ እንዲሁም ዳቦና የመሳሰለው ነበር። ቦምቦሊኖዬ እዚያ ውስጥ አለ።

ጉንፋኑንም ልጨምር። ሐምሌን በሙሉ ስስልና ሳስነጥስ ነው የከረምኩት። ክረምት ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ከፊሉ እውነት ነው። ግን 2009 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ። ተመራማሪዎቹ ለበጎ ፈቃደኞች የጉንፋን ቫይረስ አፍንጫቸው ውስጥ ጠብ አድርገውላቸው ማን እንደሚታመም ጠበቁ። ከ7 ሰዓት በታች ይተኙ የነበሩት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሚተኙት ጋር ሲነጻጸሩ የመታመም ዕድላቸው ሦስት እጥፍ ገደማ ነበር።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትሉትን አውቃለሁ፦ «እኔ ለምጄዋለሁ፣ 5 ሰዓት እንቅልፍ ይበቃኛል።» እኔም ለዓመታት ያልኩት ነው። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ 2003 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህን ለይቶ አይቶታል። ሰዎቹ ለሁለት ሳምንት በቀን 6 ሰዓትና ከዚያ በታች ሲተኙ፣ የንቃት ፈተና ውጤታቸው እየወረደ ሄዶ አንድ ሁለት ሌሊት ጭራሽ እንዳልተኛ ሰው ሆነ። «ምን ያህል እንቅልፍ ያዛችሁ?» ሲባሉ ግን «ትንሽ ብቻ» ነው የሚሉት። ማለትም ድካሙ ቀጥሏል፣ መሰማቱ ቀርቷል። ከሰው ስሜት ይልቅ ደብተርና የልብ ምት የማምነው ለዚህ ነው።

ለመለወጥ መጀመሪያ የሞከርኩት ነገር 4 ሰዓት ላይ አልጋ ውስጥ መግባት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ነው። ዓይኔን አፍጥጬ ጣሪያ ሳይ 6 ሰዓት ይሆናል። ሰውነት በትእዛዝ አይተኛም። አንጎል ውስጥ ከዓይን ብርሃን እየተቀበለ ቀንና ሌሊቱን የሚያስተካክል የሰውነት ሰዓት አለ። የዚህን ሰዓት አሠራር ከጂን ጀምሮ የፈቱ ሦስት አሜሪካውያን ሳይንቲስቶች 2017 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ወስደውበታል። ይህ ሰዓት ቀደም እንዲል ለማድረግ ጠንካራው መሣሪያ የጠዋት ብርሃን ነው። ስለዚህ መተኛውን ትቼ መነሻውን ያዝኩ፦ ምንም ሰዓት ብተኛ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ፣ ፀሐይ ስትወጣ ደጅ እገኛለሁ። እኛ በዚህ ዕድለኞች ነን። አዲስ አበባ ላይ የፀሐይ መውጫ ከዓመት ዓመት ከ12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ባለው ውስጥ ነው፤ ስዊድን ያሉ ዘመዶቻችን በታኅሣሥ ይህን አያገኙም። ደመና ቢሆንም ግድ የለም፣ የደጅ ብርሃን ከቤት አምፖል እጅግ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነው፣ አልዋሽም። ስብሰባ ላይ አንቀላፍቻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፉ ራሱ ቀደም ብሎ መምጣት ጀመረ። መተኛዬን በሩብ ሰዓት በሩብ ሰዓት ቀደም እያደረግኩ አሁን 4 ሰዓት አካባቢ ደርሻለሁ። ስልኬ ሳሎን ቻርጅ ላይ ያድራል፤ ለመነሻ ከመርካቶ የገዛሁት የጠረጴዛ ሰዓት አለ። ስለ ስልክ ብርሃን ብዙ ይባላል፣ እውነትም ሜላቶኒን የተባለውን የእንቅልፍ ሆርሞን ያዘገያል። እኔን ግን ከብርሃኑ በላይ የሚያስመሸኝ «አንድ ቪዲዮ ብቻ» የሚለው ነው።

ትልቁ ትግል የቡና ነበር። እናቴ ቡና ሳይፈላ አይመሽላትም፤ ጀበናው የሚጣደው 12 ሰዓት ላይ ነው። ካፌይን ደግሞ ከተጠጣ በአማካይ 5 ሰዓት ካለፈው በኋላም ግማሹ ሰውነት ውስጥ አለ። ድካም የሚያጠራቅመውን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዳይሰማን ይጋርደዋል እንጂ አያጠፋውም። «አቦሉን ብቻ ጠጥቼ ልነሳ» ስላት ደስ አላት፤ እኔ ግን ቆይቼ ሳስበው ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጉልበቱ ያለው አቦሉ ላይ ነው! ስለዚህ አሁን ተቀምጬ እጫወታለሁ፣ ቆሎውን እበላለሁ፣ የምጠጣው በረካውን ነው። ምርቃቱም እዚያ ነው። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ 6 ሰዓት ላይ እንድታፈላልኝ ለምኜአት እሺ ብላለች፤ ያኔ ከአቦል እስከ በረካ እጠጣለሁ።

እሑድ እስከ 4 ሰዓት መተኛት የሚለውን ነገርም ቀንሻለሁ። እሑድ አርፍዶ የተነሳ ሰው እሑድ ማታ እንቅልፍ አይመጣለትም፣ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሥራ አለ። ማካካሻ ካስፈለገኝ ከምሳ በኋላ 20 ደቂቃ ሸለብ አደርጋለሁ። አትሌቶቻችን ከጠዋት ልምምድ በኋላ ቀን ላይ እንደሚተኙ ሱሉልታና እንጦጦ የሚሮጥ ሁሉ ያውቃል። ከ10 ሰዓት በኋላ ከሸለብኩ ግን የማታው ይበላሻል።

ኳሱን እንዴት አደረግከው ለምትሉ፦ አልተውኩም። የቻምፒየንስ ሊግ ጨዋታ አሁን 4 ሰዓት ላይ ይጀምራል፣ በዚህ ወር አውሮፓውያን ሰዓታቸውን ሲቀይሩ 5 ሰዓት ይሆናል፣ ሲያልቅ 7 ሰዓት ይደርሳል። የምደግፈው ቡድን ሲጫወት አያለሁ፣ ማግስቱን አልሮጥም፣ መነሻ ሰዓቴን ግን አልለውጥም። የሌላውን ውጤት ጠዋት ታክሲ ውስጥ እሰማለሁ፤ ረዳቱ ይተነትነዋል፣ ባልጠይቀውም።

ከሩጫው በፊት ባለው ሳምንት ያሰብኩት እንዲህ ነው። ዋዜማው ላይ በጉጉት እንቅልፍ ማጣት ያለ ነገር ነው፤ አንድ ሌሊት ብቻውን ብዙ አይጎዳም፣ አልጨነቅበትም። ከዚያ በፊት ያሉትን ሌሊቶች ግን 3 ሰዓት ተኩል ላይ ለመተኛት እሞክራለሁ። 2011 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ለሳምንታት እንቅልፋቸውን ሲያራዝሙ የሩጫ ሰዓታቸውም የኳስ አግቢነታቸውም ተሻሽሏል። እኔ ሳምንታት የሉኝም፣ ሰባቱን ሌሊት ካገኘሁ ይበቃኛል። በዚያ ሳምንት ውስጥ ጨዋታ ካለ ውጤቱን ላኩልኝ፣ ግን ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳትደውሉ።