ከባዱ ፎቶው ነው እንጂ ፊደሉ አይደለም

ማታ ማታ ኔትወርኩ ሲጨናነቅ ቴሌግራም አናቱ ላይ «ኮኔክቲንግ» የሚለውን ገትሮ ይቀራል። ያኔ ብዙ ሰው ግሩፑ ስለበዛበት ይመስለዋል። ጽሑፍ ግን እዚህ ግባ የሚባል ክብደት የለውም። አንድ የግዕዝ ፊደል ሲላክ 3 ባይት (የዳታ መለኪያ፣ 1,000ው 1 ኪሎባይት) ነው፤ የላቲኑ 1። (አማርኛ ሦስት እጥፍ ዳታ ይበላል የሚሉ ይህን ይዘው ነው። «ሰላም» 9 ባይት ናት፣ በላቲን ፊደል ስትጻፍ ግን 5። የኛ ፊደል አናባቢውን አብሮ ስለሚይዝ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰፋም።) 1,000 ፊደል ያለው ረጅም ሙግት እንግዲህ 3 ኪሎባይት ነው። 150 ኪሎባይት የሆነች አንዲት ፎቶ እንዲህ ያለውን ሙግት 50 እጥፍ ታህላለች። መስመሩ በሰከንድ 64 ኪሎቢት ከሆነ 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 ተካፍሎ 8 ኪሎባይት ነው፤ ጽሑፉ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይፈጅም፣ ፎቶዋ 19 ሰከንድ ገደማ ታስጠብቃለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚነካው ሴቲንግስ ውስጥ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ነው። ፎቶና ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ በሞባይል ዳታም በዋይፋይም ይጠፋል። ዋይፋዩን ለምን? ከሰው ስልክ ሆትስፖት ስንለምን ስልካችን ዋይፋይ አገኘሁ ብሎ የባለቤቱን ፓኬጅ ይጨርሰዋል። ከዚያ በኋላ ፎቶው ደብዘዝ ብሎ ይታያል፣ የፈለጉትን ብቻ ነክቶ ማውረድ ነው።

ሊንክ ሌላ ጣጣ ነው። አንድ ገጽ የመጀመሪያዋን ፊደል ከማሳየቱ በፊት አድራሻውን መጠየቅ፣ መስመር መክፈት፣ ምስጢራዊ ቁልፍ መለዋወጥ፣ ገጹን መጠየቅ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ አራት ያህል ምልልስ። እያንዳንዱ 700 ሚሊሰከንድ ቢፈጅ ገና ባዶ ገጽ ላይ እያፈጠጥን ሦስት ሰከንድ ሊሞላ ነው። ፍጥነቱ ቢጨምርም ይህ መመላለስ አይቀንስም። ሊንኩን ወደ «ሴቭድ ሜሴጅስ» (ቴሌግራም ውስጥ ለራስ ማስቀመጫ) ፎርዋርድ አድርጎ ኔትወርክ ሲሻል መክፈት ይሻላል። ሊንኩ ሥር «ኢንስታንት ቪው» የሚል ቁልፍ ካለው፣ ገጹን እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ስለሚከፍት እሱ ቀለል ይላል።

ፎርጂ የሲግናል አንድ ዘንግ ብቻ እያሳየ ወደ ስሪጂ የሚዋልል ከሆነ ስሪጂ ላይ ማሰር ይበጃል፤ በዘለለ ቁጥር ግንኙነቱ ለአፍታ ሊቋረጥ ይችላል።

ሲነበብ ደግሞ ወደ ታች የምትወስደውን ቀስት አለመንካት። ወደ መጨረሻው ስትዘል መሃል ያለው ሳይወርድ ይቀራል፣ በኋላ ዳታ ጠፍቶ ሲከፈት ክፍተት ነው። ካልተነበበው ጀምሮ ቀስ ብሎ ወደ ታች የተወረደበት ጽሑፍ ስልኩ ላይ ስለሚቀመጥ ታክሲ ውስጥ ያለ ዳታ ይነበባል። ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ «ሎካል ዳታቤዝ» የሚለውን ያጸዳ ግን የተቀመጠውን ጽሑፍ አብሮ ጠርጎታል።

መልስ ሲጻፍ ከጎኑ ትንሽ ሰዓት ከታየች ወረፋ ላይ ነው፤ ኔትወርክ ሲመጣ ራሱ ይሄዳል። አልሄደም ብሎ ደግሞ የጻፈ ሰው ነው አንዱን መልስ ሦስቴ የሚያስነብበን።