የመንግሥት የአርክቴክቶች ቡድን ምን ያህል ያስወጣል፣ ምንስ ያስገኛል? ቡድኑን ስመራ የተማርኩት

የአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት የአርክቴክቶች ቡድንን የመምራት ኃላፊነት ስረከብ አስቀድሞ የቀረበልኝ ጥያቄ ቡድኑ ይቀጥል ወይስ ሥራው በጨረታ ለአማካሪ ድርጅቶች ይሰጥ የሚል ነበር። ጠያቂዎቹ በእጃቸው የነበረው ማነጻጸሪያ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፤ በአንድ በኩል የሠራተኞች ደመወዝ ድምር፣ በሌላ በኩል አማካሪዎች ከግንባታው ዋጋ በመቶኛ አስልተው የሚጠይቁት ክፍያ። በዚህ አያያዝ ሥራ በበዛበት ዓመት ቡድኑ እጅግ ርካሽ ይመስላል፤ በጀት በታገደበት ዓመት ደግሞ ያለ ሥራ ደመወዝ የሚከፈለው ይመስላል። ሁለቱም ውሳኔ ለመስጠት የሚያበቁ ስላልነበሩ ከሰዓት ስሌት ጀመርኩ።

በሳምንት 40 ሰዓት የሚሠራ ሰው በዓመት የሚከፈለው ለ2,080 ሰዓት ነው። የዓመት ፈቃድ፣ በዓላትና የሕመም ቀናት ተደምረው ሰባት ሳምንት ቢወስዱ የሚቀረው 1,800 ሰዓት ይሆናል። ከዚህም ሩቡ ለስብሰባ፣ ለሪፖርትና ለሥልጠና ቢውል ለፕሮጀክት የሚተርፈው 1,350 ሰዓት ነው። ስለዚህ የአንድ አርክቴክት የሰዓት ዋጋ የሚገኘው ዓመታዊ ደመወዙን ለ2,080 ሳይሆን ለ1,350 በማካፈል ሲሆን፣ ይህ ብቻውን ዋጋውን ከግማሽ በላይ ከፍ ያደርገዋል። በላዩ ላይ የጡረታ መዋጮ፣ የሶፍትዌር ፈቃድ፣ የኮምፒውተርና የቢሮ ወጪ፣ ወደ ሳይት የሚወስደው ተሽከርካሪም ይጨመራሉ። ይህን ሳይሸሽጉ ማቅረብ ቡድኑን ይጎዳል የሚል ስጋት ከባልደረቦቼ ተነሥቶ ነበር። እኔ ግን ሙሉ ወጪውን ራሱ ያላወቀ ቡድን በሌላ ሰው ስሌት መዳኘቱ አይቀርም ብዬ አምናለሁ።

በሌላው ወገንም የተዘለለ ወጪ ነበር። ሥራ ለአማካሪ ሲሰጥ ቢጋር (አማካሪው የሚሠራውን የሚዘረዝር ሰነድ) የሚያዘጋጅ፣ ጨረታውን የሚገመግም፣ ውሉን የሚከታተል፣ የቀረበውን ሥዕልና የሥራ መጠን ዝርዝር የሚመረምር ሰው ከመሥሪያ ቤቱ መገኘት አለበት። ይህ ሰው ሥዕል ማንበብ የሚችል ባለሙያ መሆን ስላለበት ቡድኑ ቢበተንም ወጪው አብሮ አይጠፋም። የእነዚህን ሰዓታት ዋጋ በአማካሪው ክፍያ ላይ ስደምር በሁለቱ መንገዶች መካከል የነበረው ልዩነት መልኩን ቀየረ። ትልልቅና ልዩ ዕውቀት የሚጠይቁ ሕንፃዎችን በውጭ ማሠራት የሚያዋጣ ሲሆን፣ ጥገናን፣ ማስፋፊያንና በየጊዜው የሚደጋገሙ አነስተኛ ሕንፃዎችን ግን በራስ ባለሙያ መሥራት በግልጽ ይረክሳል፤ በትንሽ ሥራ ላይ የጨረታው ሂደት ራሱ ከዲዛይኑ ጋር የሚቀራረብ ጊዜ ይፈጃልና።

ለዚህ ሁሉ መሠረቱ የሰዓት መዝገብ ነው። ባለሙያዎቹ መዝገቡን እንደ ቁጥጥር ስላዩት መጀመሪያ አልወደዱትም። ሐሳባቸው የተለወጠው መዝገቡ ለራሳቸው መከራከሪያ በሆነ ጊዜ ነው፤ ዲዛይኑ ከጸደቀ በኋላ ሕንፃውን የሚጠቀምበት ክፍል በሚያመጣው የፍላጎት ለውጥ ስንት ሰዓት እንደሚባክን በቁጥር ማሳየት ቻሉ። ከዚያ ወዲህ ረቂቅ ዲዛይን በተጠቃሚው ፊርማ ሳይጸድቅ የግንባታ ሥዕል አንጀምርም።

ውጤትን መለካት ከወጪ ይልቅ ይከብዳል። የተሣሉ ወረቀቶችን መቁጠር ብዙ ወረቀት ያስገኛል እንጂ ስለ ሕንፃው የሚነግረን ነገር የለም። እኔ የምከታተለው ርክክብ የተፈጸመባቸውን ሕንፃዎች፣ በዲዛይን ጉድለት ምክንያት የወጡ የለውጥ ትእዛዞችን፣ ከሥራ ተቋራጩ በሥዕሉ አለመሟላት የመጡ ጥያቄዎችን፣ ከርክክብ በኋላም የጥገና ክፍሉ የሚመዘግባቸውን ብልሽቶች ነው። የመጨረሻው ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ለምሳሌ የጥገናው መዝገብ በተለያዩ ሕንፃዎች ከመስኮት በታች ያለው ግድግዳ በዝናብ እየበሰበሰ ቀለሙ እንደሚላላጥ ደጋግሞ ያሳይ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የቆየውን የመስኮት ደፍ ዝርዝር ሥዕል ስናይ፣ ደፉ ከግድግዳው ብዙም ያልወጣ ከመሆኑም በላይ ከሥሩ ውኃውን ቆርጦ የሚያንጠባጥብ ቦይ አልነበረውም፤ ውኃው በደፉ ሥር ተመልሶ ወደ ልስኑ ይገባል። ደፉን ወደ ውጭ አስረዝመን፣ ቦዩን ጨምረን፣ ሥዕሉን በመደበኛ ዝርዝሮች ስብስብ ውስጥ ተካነው፤ ከዚያ በኋላ የወጣ ሥዕል ሁሉ በዚሁ ተሠራ። አንድ አማካሪ ውሉ ካበቃ በኋላ ይህን መረጃ የሚያገኝበት መንገድ የለውም። የራስ ቡድን ዋነኛ ጥቅም ብዬ የማየው ይህንኑ ነው።

የሰው ኃይሉን ሳደራጅ ደግሞ አርክቴክት ብቻ መቅጠር እንደማይበጅ ተረዳሁ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የለንደን ካውንቲ ምክር ቤት የአርክቴክት መምሪያ ከ1,500 በላይ ሠራተኞች ሲኖሩት አርክቴክቶቹና ሠልጣኞቹ 350 ያህል ብቻ ነበሩ። በ1951 የተከፈተውን የሮያል ፌስቲቫል አዳራሽ የነደፈው ይኸው መምሪያ ነው። በእኛም ቡድን እጅግ ያጠረን የሥራ መጠንና ዋጋ የሚያሰላ ባለሙያ ነበር፤ እሱ በሌለበት አርክቴክቶቹ የማይችሉትን ሥራ በዝግታ ይሠራሉ፣ የዋጋ ግምቱም ከጨረታው ውጤት ይርቃል። ክፍት የነበረን አንድ የአርክቴክት መደብ ወደዚህ ሙያ አዛወርኩ።

የቡድኑን መጠን የወሰንኩት በሥራ ብዛት ጣሪያ ሳይሆን ሥራ በሚቀንስበት ዓመትም በሚኖረው መጠን ነው። ከዚያ በላይ የሚመጣው ለውጭ ይሰጣል። በእንግሊዝ የሃምፕሻየር ካውንቲ አስተዳደር እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በኮሊን ስታንስፊልድ ስሚዝ መሪነት ትምህርት ቤቶቹን ሲሠራ የራሱን ባለሙያዎች ከተመረጡ የግል ቢሮዎች ጋር ያጣምር ነበር። እሳቸውም በ1991 የብሪታኒያ አርክቴክቶች ተቋምን የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። እኛም ሥራ ወደ ውጭ ስንሰጥ ከቡድኑ አንድ አርክቴክት ሰዓቱ በበጀት ተይዞለት ይመደባል፤ መደበኛ ዝርዝሮቻችንም የውሉ አካል ሆነው ለአማካሪው ይሰጣሉ፤ የተመደበው አርክቴክት የግንባታ ሥዕሉን መርምሮ ሳይፈርም የአማካሪው የመጨረሻ ክፍያ አይለቀቅም።