ዝም ያልኩበት አርብ

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ጾሙ ይሁን ድካሙ እንጃ። ዘንድሮም ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጥመዋል። አመሻሹ ላይ ሰፈሩ ጭር ይላል፤ አዛን ሲሰማ ደግሞ ከየቤቱ የሰሀን ድምፅ ይወጣል።

እትዬ ዘ. ልጃቸውን ላኩልኝ። በጨርቅ የተሸፈነ ሰሀን፣ ውስጡ ሳምቡሳ። «የምስር ነው፤ ዘይቱም የብቻው ነው ብላለች» አለኝ ልጁ በር ላይ ቆሞ። ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይቀምሱ፣ ለእኔ ጾም ሲሉ ሌላ መጥበሻ ጥደዋል።

ይሄኔ ነው ያለፈው አርብ የመጣብኝ።

ሀ. የአርቡ ስብሰባ ከስድስት ተኩል ወደ ሌላ ሰዓት ይዛወርልኝ አለ። ለጁምዓ ሰላት። ሌላ ምንም አልጠየቀም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንኳ አርብ አርብ ከአምስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ነው እረፍቱ። አንዱ ግን «ዛሬ ለእሱ ካልን ነገ ለማን ልንል ነው?» አለ። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔ ደብተሬ ጠርዝ ላይ ሳጥን እየሳልኩ ነበር። ሳጥኑን በእስክሪብቶ አጠቆርኩት። ሀ. «እሺ፣ ችግር የለም» ብሎ ዝም አለ። የእምነት ነፃነት ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ላይ አለ። እኔ ግን እጄን አላወጣሁም።

እኛ ክርስቲያኖች ስለ ነጃሺ ማውራት እንወዳለን። እኔም ስንቴ አውርቻለሁ። የነቢዩ ተከታዮች ከመካ ተሰደው መጡ፣ ያሳደዷቸው የመካ ቁረይሾች እጅ መንሻ አስይዘው መልእክተኛ ላኩ፣ ንጉሡ አሳልፌ አልሰጥም አለ። እዚህ ላይ እናቆማለን። በሙስሊሞቹ ትረካ ግን ከዚያም አለ። ከስደተኞቹ አንዱ፣ ጃዕፈር፣ ስለ መርየም (ማርያም) የሚናገረውን የቁርኣን ምዕራፍ ሲያነብለት ንጉሡ አለቀሰ። ስለ ዒሳ (ኢየሱስ) የሚያምኑትን ሲነግሩት ደግሞ ከመሬት እንጨት አነሳ። ልዩነታችን ከዚህች እንጨት አያልፍም ሲል፣ ዙሪያውን የነበሩት መኳንንት አጉረመረሙ። «ብታጉረመርሙም» አላቸው። እኔን የሚከነክነኝ ያ ማጉረምረም ነው። የተናገረው ሁሉም ሲስማማለት አልነበረም።

ነጃሺን እያነሳን ደግሞ የቅርቡን እንዘላለን። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 126 ላይ፣ የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን የእኔ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ነበር የሚባለው። የሚኖሩ! እትዬ ዘ. እዚህ ግቢ የተወለዱት ከእኔ በፊት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ወደ 100 ሺህ የሚገመት ሰው አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ ወጣ። ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች በሉን፣ ሃይማኖትና መንግሥት ይለያዩ፣ በዓሎቻችን ይከበሩ ነው ጥያቄው። ሁለቱ ዒዶችና መውሊድ የሕዝብ በዓል የሆኑት ከዚያ በኋላ ነው። ከሰልፈኛው መሀል ክርስቲያኖች ነበሩ።

አንዱ አባዬ ነው። ቅዳሜ ነበር። ኪዳን አድርሶ ተመልሶ ወዲያው ሊወጣ ሲል አያቴ በር ላይ ያዘችው። «አንተ ምን አገባህ? ሰው ምን ይለናል?» አለችው። «ታዲያ መ. ብቻውን ይሂድ?» አላት። መ. አብሮት የሚማር ልጅ ነው። ነጠላውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ሄደ።

ስለ መብት ትልቅ ነገር ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። ጾም ላይ ግን ኢሳይያስ 58ን ሳያነብ አይቀርም። የበደልን እስራት መፍታት ነው ጾም የሚለውን። እኔም እሱ ሲያነብ እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ታዲያ ሀ. ሲሳቅበት የት ሄደብኝ? ከሥጋና ከወተት ተከልክዬ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር እኮ።

የሚቀጥለው አርብ ከነገ ወዲያ ነው። ሀ. ራሱ ድጋሚ አያነሳውም፤ አውቀዋለሁ። ማንሳት ያለብኝ እኔ ነኝ። አሁን ይህን ስጽፍ እንኳ ልቤ ይመታል።

አባዬን አንድ ነገር ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀን ከቤት ሲወጣ ፈርቶ ነበር? ልደውልለት ስልኬን አነሳሁ። ሦስት ሰዓት አልፏል፤ ተኝቶ ይሆናል።