የክሮይሶስ ፊት

ከቀትር ጀምሮ ዝናቡ አላባራም፤ እኔም ልቤ ከብዶት፣ እናቴ ለወንድሜ ተዝካር «አንዱን ምረጥልኝ» ያለችኝን ፎቶግራፍ ስፈልግ፣ ከዓመታት በፊት አቴንስ በሚገኘው ብሔራዊ የአርኪዮሎጂ ሙዚየም ያነሣሁት የአንድ ዕብነ በረድ ወጣት ምስል ብቅ አለብኝ።

ክሮይሶስ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ530 ገደማ ተቀርጾ፣ በአቴንስ ዙሪያ ባለው በአቲካ አውራጃ፣ አናቪሶስ በተባለ ስፍራ ለመቃብር ምልክት የቆመ፣ 1.94 ሜትር የሚረዝም ኩሮስ፣ ማለትም የጥንት ግሪኮች የቀረጹት የቆመ ወጣት ሐውልት ነው። እንደ ሌሎቹ ኩሮሶች ሁሉ ራቁቱን ነው፤ ግራ እግሩን አስቀድሟል፣ ክንዶቹን ወደ ታች ዘርግቶ መዳፎቹን ጨብጧል። አቋቋሙን ግሪኮች ከግብፃውያን እንደወረሱት ይታመናል፤ ነገር ግን ግብፃውያን ከምስሉ ጀርባ የሚተዉትን የድንጋይ ዐምድ አስወግደው፣ በክንዱና በወገቡ መካከል ያለውን ፈልፍለው በማውጣታቸው፣ ወጣቱ ምንም ሳይደገፍ በገዛ እግሩ ቆሟል። በዚያች ክፍተት ብርሃን ሲያልፍ ማየት ዛሬም ውስጤን ይነካኛል።

ከእርሱ ጋር የሚያያዘው የመሠረት ድንጋይ ግን መንገደኛውን ቆመህ አልቅስ ይለዋል፤ ክሮይሶስ በግንባር ተሰልፎ ሲዋጋ ቁጡው የጦርነት አምላክ አሬስ አጥፍቶታልና። በጦር የወደቀው ይህ ልጅ በድንጋዩ ላይ ፈገግ ብሏል፤ ቁስል የለበትም። ገላው የተቆራረጠው ከሁለት ሺህ አራት መቶ ዓመታት በኋላ፣ ሌቦች በመጋዝ ከፋፍለው ወደ ፓሪስ ባሻገሩት ጊዜ ነው፤ ወደ አገሩ የተመለሰውም በ1937 እ.ኤ.አ. ነበር።

ያ ፈገግታ የእርሱ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ለአማልክት ስእለት የተሰጡትም፣ በመቃብር ላይ የቆሙትም ወጣቶች ያው ፈገግታ፣ ያው ሰፊ ትከሻ፣ ያው እርጅና የማይደርስበት ዕድሜ ተሰጥቷቸዋል። ቀራጩ የሟቹን መልክ ሳይሆን፣ ወጣት ሁሉ ሊሆን የሚገባውን ነበር የሚቀርጸው። የወንድሜ ቅንድብ ላይ ጠባሳ ነበረ። ክሮይሶስም አንድ የራሱ ምልክት፣ የተጣመመ ጥርስ ወይም ከአባቱ የወረሰው አፍንጫ ሳይኖረው አይቀርም፤ ድንጋዩ ግን ከዚህ ሁሉ ስሙን ብቻ ነው ያቆየው።

እናቱ በሕይወት ኖራ ከሆነ፣ በዚያ መንገድ ባለፈች ቁጥር ያንን የተዋበ ፊት ታየው ነበር። ዓመታት ካለፉ በኋላ በሕልሟ ይመጣላት የነበረው የትኛው ፊት ይሆን?