መታጠቢያ ቤት ውስጥ የተሰጠ የሒሳብ ፈተና

የባለቤቴ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ከአገር አገር የሚያዘዋውረው አብዛኛውን ጊዜ በትምህርት ዘመኑ እኩሌታ ላይ ስለሆነ፣ ልጆቻችንን ቤት ውስጥ ማስተማር ከጀመርን ሰነባብተናል። እንዲህ ያለ ኑሮ የሚኖር ቤተሰብ አዲስ አገር ሲገባ ከመኖሪያ ፈቃድ ቀጥሎ የሚያጣራው ነገር ልጅን ቤት ማስተማር በዚያ አገር ይፈቀድ እንደሆነ ነው። ጀርመን ሳለን መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት በሕግ ግዴታ በመሆኑ ልጆቹን አስመዝግበን ዐረፍን፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት በዚሁ ጉዳይ የአንድ ቤተሰብን አቤቱታ እ.ኤ.አ. በ2006 ሳይቀበለው ከቀረ፣ እኛ ምን ብለን እንሟገታለን? ፈረንሳይም ቢሆን ቀድሞ ማሳወቅ ብቻ ይበቃ የነበረው፣ ከ2022 ወዲህ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘትን የሚጠይቅ ሆኗል። አሁን ያለንበት አገር ግን ይፈቅዳል፤ የሚፈልገው ልጁ በአንድ የርቀት ትምህርት ቤት ተመዝግቦ የዓመቱን ፈተና በኢንተርኔት፣ በካሜራ እየታየ እንዲወስድ ብቻ ነው። “ብቻ” የምትለው ቃል እዚህ ላይ ብዙ ሸክም እንዳለባት ያወቅሁት የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ ሒሳብ የተፈተነ ዕለት ነው።

የርቀት ትምህርት ቤቱ የሚገኘው አውሮፓ ውስጥ ነው። አውሮፓውያን በመጋቢት ወር መጨረሻ እሑድ ሰዓታቸውን በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፤ እኛ ያለንበት አገር ደግሞ ሰዓቱን ነክቶት አያውቅም። ፈተናው የዋለው በማግስቱ ሰኞ ነበርና ባለቤቴ በቀን መቁጠሪያው ላይ በትልቁ የጻፈው “10 ሰዓት” በአንድ ሌሊት 9 ሰዓት ሆኖ አደረ። ልጁ ፊቱን ሳይታጠብ፣ እኔም ቤቱን ሳላሰናዳ “ፈታኟ እየጠበቁ ነው” የሚል መልእክት ከች አለ።

ፈታኟ እጅግ ጨዋ ሴት ነበሩ። ከሰላምታ በኋላ፣ “እባክዎ ካሜራውን ይዘው ክፍሉን ዙሪያውን ያሳዩኝ” አሉኝ። አሳየኋቸው። ከጠረጴዛው በላይ የማባዛት ሠንጠረዥ፣ ከጎኑ የክፍልፋዮች ሥዕል፣ በሩ ላይ ደግሞ የማዕዘን ዓይነቶች ተለጥፈዋል። ከአገር አገር የሚዞር ሰው መጻሕፍት በሻንጣ ኪሎ ስለሚመዘኑበት ተጠቅልሎ የሚያዝ ነገር ይወዳል፤ የእኛም ቤት ዕቃው እየቀነሰ ግድግዳው እየተማረ የሄደ ቤት ነው። “እነዚህ ሁሉ መነሣት አለባቸው” አሉ። የመጀመሪያውን ሠንጠረዥ ስስበው ማጣበቂያው የእጄን መዳፍ የሚያህል ቀለም ገንጥሎ ይዞ መጣ። ቤቱ የኪራይ ነው፤ በመያዣነት የከፈልነው ገንዘብም በዓይኔ ላይ ዞረ። ስለዚህ ክፍል መለወጥ እንደሚሻል ወሰንሁና ላፕቶፑን ተሸክሜ፣ ልጄን አስከትዬ፣ ፈታኟንም በእጄ ይዤ ጉዞ ጀመርን።

ሳሎኑ የመለኪያ አሃዶች ስለተሰቀሉበት ወደቀ። ወጥ ቤቱ በማቀዝቀዣው ላይ ባሉት ስምንቱ ፕላኔቶች ባያስከፋም፣ ከቁም ሣጥኑ በር ላይ የተለጠፈው የዐሥርዮሽ ቁጥሮች ሰንጠረዥ አስጣለን። የመኝታ ክፍላችን ግድግዳ ንጹሕ ነበርና ደስ ብሎኝ ተቀመጥሁ፤ ፈታኟ ግን “ጣሪያውን ያሳዩኝ” አሉ። ጣሪያው ላይ ምን እንዳለ ባለቤቴ ያውቃል፤ ልጆቹ ጋደም ብለው ብቸኛ ቁጥሮችን፣ ማለት ለአንድና ለራሳቸው ብቻ የሚካፈሉትን፣ እንዲያጠኑ ብሎ የለጠፈው እርሱ ነው።

ስለዚህ የቀረን መታጠቢያ ቤቱ ነበር። ነጭ ሸክላ፣ ነጭ ግድግዳ፣ መስተዋት። ልጄን በተከደነው የመጸዳጃ መቀመጫ ላይ አስቀምጬ ላፕቶፑን በልብስ ማጠቢያው ማሽን ላይ ሳሳርፍ፣ እፎይ ለማለት አፌን ስከፍት፣ “ከኋላው ያለው መጋረጃ ላይ ካርታ ይታየኛል” የሚል ድምፅ መጣ። የገላ መታጠቢያው መጋረጃ የዓለም ካርታ የታተመበት ነው። ፈተናው የሒሳብ እንጂ የመልክዓ ምድር አለመሆኑን በትሕትና ባስረዳቸውም፣ ደንቡ የትምህርቱን ዓይነት እንደማይለይ እርሳቸውም በዚያው ትሕትና አስረዱኝ። ሰባቱን ክፍላተ ዓለም ከነውቅያኖሶቻቸው ከዘንጉ ላይ አውርጄ፣ አጥፌ፣ ታቅፌያቸው ወጣሁ። በሩም ተዘጋ።

ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅ የማይነግራችሁ አንድ ነገር አለ፤ ትልቁን ልጅ ስታስተምሩ በርትቶ የሚማረው ትንሹ ነው። የአምስት ዓመቷ ልጄ የትምህርት ሰዓት የላትም፤ ከጠረጴዛው ሥር በአሻንጉሊቶቿ ስትጫወት የማባዛት ሠንጠረዡን እንደ ዜማ ለቅማዋለች። የዚያን ዕለትም ወንድሟ የገባበት ክፍል ምሥጢር ምን እንደሆነ ለማወቅ በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ጆሮዋን ለጥፋ ተኝታ ነበር። እኔ ኮሪደሩ ላይ መጋረጃዬን እንደታቀፍሁ ቀስ ብላ እንድትመጣ በእጄ እጠቅሳታለሁ፤ እርሷ ዓይኗን ጨፍናለች።

ልጄ ጥያቄን ድምፁን አሰምቶ ማንበብ ልማዱ ነው፤ እኛው ነን ያስለመድነው። “ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ወርዱ 7 ሜትር የሆነ የአትክልት ቦታ ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ነው?” ሲል ሰማሁት። ተነሥቼ አፏን ለመያዝ ሁለት እርምጃ ቀርቶኝ ሳለ፣ ከወለሉ ላይ፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ፣ “ሃምሳ ስድስት!” አለች።

ውስጥ ጸጥታ ሆነ። ከዚያም የፈታኟ ድምፅ፣ “ከውጭ የሚመልሰው ማነው?” አለ።

“እኅቴ ናት” አለ ልጄ፣ ስሟን ባልጠራ በሚል ቃና።

“ስንተኛ ክፍል ናት?”

“ምንም አይደለችም።”

ይህን ስትሰማ ታናሽቱ በሩን እየደበደበች እርሷም ተማሪ መሆኗን፣ ካስፈለገም የዘጠኝን ማባዛት ከመጀመሪያው ጀምሮ ልትል እንደምትችል ማስረዳት ጀመረች። እግሯንና እጇን ለቅሜ ይዣት እስክሄድ ድረስ ዘጠኝ ጊዜ አራት ደርሳ ነበር። ባለቤቴ በዚህ መካከል ከሥራ ደርሶ፣ እኔን በአንድ እጄ ልጅ፣ በሌላው እጄ ዓለምን ይዤ ሲያገኘኝ፣ “ፈተናው 10 ሰዓት አልነበረም እንዴ?” አለኝ። የመለስሁለትን እዚህ አልጽፈውም።

ከሳምንት በኋላ ውጤቱ ከፈታኟ ሪፖርት ጋር መጣ። ልጄ አልፏል። ሪፖርቱ በተፈታኙ ሥነ ምግባር ላይ ምንም ነቀፌታ አላቀረበም፤ ከታች ግን እንዲህ የሚል ማስታወሻ ነበረው፦ “በ14ኛው ጥያቄ ላይ ከበር ውጭ ካለች ሕፃን መልስ ተሰምቷል። የተሰማው መልስ ትክክል ቢሆንም፣ ተፈታኙ 54 ብሎ የጻፈ በመሆኑ እገዛ አግኝቷል ለማለት አይቻልም።”

ልጄን ጠርቼ፣ መልሱን በጆሮው ሰምቶ ለምን 54 እንደጻፈ ጠየቅሁት። ቅር እንዳለው ሰው ቀና ብሎ አየኝና፣ “ታዲያ እርሷ ያለችውን ልጻፍ?” አለኝ።