ተቅማጥ ፈልገን ተቀማጭ ገንዘብ ያገኘንበት ሃካቶን

ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደ የ2 ቀን የምርምር ሃካቶን (ቡድኖች በአጭር ጊዜ አንድ ችግር ለመፍታት የሚሠሩበት ውድድር) ላይ ከአራት ጓደኞቼ ጋር ተሳትፌ ነበር። የቀረበልን ጉዳይ እንደ ጉግል ያሉ የፍለጋ ሞተሮች የተለያዩ ተጠቃሚዎችን በእኩል ያገለግላሉ ወይ የሚል ሲሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የተጠቃሚ ዓይነት መርጦ በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ በማስረጃ የተደገፈ ውጤት እንዲያቀርብ ይጠበቅበት ነበር። እኛ በአማርኛ የሚፈልጉ ሰዎችን መረጥን። ሦስታችን ፕሮግራም እንጽፋለን፣ አንዷ የሥነ ልሳን ምሩቅ ናት፣ አንዱ ደግሞ ቅኔ ቤት ያለፈ ዲያቆን ነው፤ ስለዚህ ቋንቋውን እንደ እጃችን መዳፍ የምናውቀው መስሎን ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት ያባከንነው በዚሁ እምነት ነው። ክብ ጠረጴዛ ከበን ከየራሳችን ጭንቅላት 60 የፍለጋ ጥያቄዎችን ጻፍን፤ ሁሉም ንጹሕ፣ ሁሉም እንደ ጋዜጣ ርእስ የታረሙ ነበሩ። ከዚያም በሁለት የታወቁ የፍለጋ ሞተሮች ላይ በእጃችን እያስገባን የመጀመሪያዎቹን 10 ውጤቶች መዘገብን። በእጅ የሠራነው አገልግሎቶቹ ያለ ፈቃድ በፕሮግራም መጠየቅን ስለሚከለክሉ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስናወዳድር ግን አንዱ ጓደኛችን በራሱ መለያ እንደገባ፣ ሌላው ደግሞ በስልኩ እንደፈለገ፣ ሰዓቱንም ማንም እንዳልያዘው ታወቀ። ውጤት በቦታ፣ በሰዓትና በቀድሞ ፍለጋ ስለሚለዋወጥ የግማሽ ቀን ልፋታችንን ጣልነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጥያቄ ታሪክ በማይይዝ መስኮት ከፍተን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈን፣ የገጹን ምስል አስቀምጠን ነው የቀጠልነው።

ከሰዓት በኋላ ሥራውን ለሁለት ከፈልነው። የሌላ ሰው ሞተር ውስጡ ምን እንደሚሠራ ማየት ስለማይቻል፣ ለመመርመር የሚመች የራሳችንን ትንሽ የፍለጋ ሥርዓት ሠራን፤ ለሰነድነትም የአማርኛ ዊኪፔዲያ ጽሑፎችን፣ ለሕዝብ የተለቀቁ የጤና ትምህርት ወረቀቶችንና ዜናዎችን ሰበሰብን። መሣሪያችን አፓቺ ሉሲን ነበር። ይህ ነጻ ሶፍትዌር ለዐረብኛ፣ ለፋርስኛና ለሌሎች በርካታ ቋንቋዎች የተዘጋጀ የቃል መተንተኛ፣ ማለትም ቃላትን ለፍለጋ እንዲመቹ የሚያስተካክል ክፍል፣ አብሮት ይመጣል፤ ለአማርኛ ግን የለውም። ስለዚህ መተንተኛውን ራሳችን መጻፍ ነበረብን፤ በእኔ ግምት ከሃካቶኑ ያገኘነው ትምህርት ሁሉ የመጣው ከዚህ ጉድለት ነው።

የመጀመሪያው ፈተና የሞክሼ ፊደላት ጉዳይ ነው። «ፀሐይ» የሚለውን ቃል ብንወስድ መነሻው በጸ ወይም በፀ፣ መካከሉ ደግሞ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ስለሚችል 12 አጻጻፍ ይወጣዋል። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም በዚሁ ስሌት ስንቆጥረው 24 ሆነ፤ ተያይዞም ተለያይቶም ስለሚጻፍ 48 ደረሰ። ለኮምፒዩተር እነዚህ 48 የተለያዩ ነገሮች ናቸው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ፊደል መመለስ። ኮዱን ለመጻፍ ሩብ ሰዓት አልፈጀብንም።

ዲያቆኑ ግን ዝም አላለም። «ሰአለ ለመነ ነው፣ ሠዐለ ሥዕል ሳለ ነው፤ ሰረቀ የሌባ ነው፣ ሠረቀ የፀሐይ ነው፤ እናንተ አንድ አደረጋችኋቸው» አለን። ከእኛ መካከል የሳቀ ነበር፣ እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርሁ። ነገር ግን የግእዝ ጽሑፍ የሚያነብ ሰውም ተጠቃሚ ነው፤ ልዩነቱን አስቦ ሲጽፍ እንደ ስሕተት ልንቆጥርበት አይገባም። በመጨረሻ በሁለት ማውጫ (ሥርዓቱ ቃላትን በሚፈልግበት ዝርዝር) ተስማማን፦ አንዱ ሞክሼዎችን ያዋሐደ፣ ሌላው ፊደሉን እንዳለ የጠበቀ ሆኖ፣ በትክክል የገጠመው ቅድሚያ እንዲያገኝ አደረግን። ለብዙኃኑ ተጠቃሚ የሚጠፋው ነገር የለም፤ ለዲያቆኑም «ሠዐለ» ሲል ሠዓሊዎች ከላይ መጡለት።

ሁለተኛው ፈተና የከፋ ነበር። አማርኛ መስተዋድዱን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ «ሆስፒታል» ብሎ የፈለገ ሰው «በሆስፒታል»ን አያገኝም። እኛም ከቃሉ ፊት ያለውን በ፣ ለ፣ ከ እና የ የሚቆርጥ ደንብ ጻፍን። ማታ 3 ሰዓት ገደማ «የአፍ በሽታ» ብለን ስንሞክር የመጣው ስለ አፍ ሽታ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ደንባችን «በሽታ»ን «ሽታ» አድርጎት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ጉዱን እየቆጠርን መሳቅ ሆነ፦ ከተማ «ተማ»፣ የካቲት «ካቲት»፣ በርበሬ «ርበሬ» ሆነዋል። እነዚህኞቹ ትርጉም አልባ ስለሆኑ ብዙ ጉዳት የላቸውም፤ ጉዳቱ እንደ በሽታና ሽታ ሁለቱም ሕያው ቃል ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ከመቁረጥ በፊት ሙሉው ቃል በቃላት መዝገባችን ውስጥ መኖሩን የሚጠይቅ ሁኔታ ጨመርን።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት የሥነ ልሳኗ ጓደኛችን «እነዚህን 60 ጥያቄዎች የጻፈው ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። መልሱ አሳፋሪ ነበር። የፍለጋ ሥርዓትን በቋሚ የሰነድና የጥያቄ ስብስብ የመለካት ልማድ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ክራንፊልድ ውስጥ ሲሪል ክሌቨርደን ከመሩት ሙከራ የመጣ ነው። የዚያ ሙከራ ሰነዶች 1,400 ያህል፣ በአብዛኛው ስለ በረራ ሳይንስ የተጻፉ ጽሑፎች ሲሆኑ፣ ጥያቄዎቹም የተገኙት በዚያው ሳይንስ ላይ ከሚሠሩ ተመራማሪዎች ነበር። ለዚያ ሥራ ይህ ተገቢ ነው፤ ጠያቂዎቹ እነሱው ናቸውና። እኛ ግን ለሁሉም ሰው እንመዝናለን ብለን ዲግሪ ያላቸው አምስት ሰዎች የጻፉትን ብቻ ይዘን ተቀምጠን ነበር።

ስለዚህ ኮዱን ትተን ወጣን። ከግቢው በር አጠገብ ቡና የሚያፈሉ አንድ እናት ነበሩ። ጓደኛችን «እማማ፣ ሕፃን ልጅ ተቅማጥ ቢይዘው ስልክዎ ላይ ምን ብለው ይጽፋሉ?» አለቻቸው።

«እኔ ምኑን እጽፈዋለሁ ልጄ? ለትልቋ ልጄ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፍልኛለች እንጂ።»

«እሺ፣ ምን ብላ ትጻፍልዎ?»

«ልጁን ያስቀምጠዋል፣ ምን ይሻለዋል በይ ነዋ!»

በሰበሰብናቸው የጤና ወረቀቶች ውስጥ «ያስቀምጠዋል» የሚል ቃል አንድም ቦታ አልነበረም፤ ሁሉም «ተቅማጥ» ነው የሚሉት። ከዘበኞች፣ ከተማሪዎችና ከሊስትሮ ልጆች ስንጠይቅም ተመሳሳይ ነገር ገጠመን። አንዱ «ግፊት አለብኝ» ይላል፣ ሌላው «የወፍ በሽታ» ሲል ዓይን ቢጫ የሚያደርገውን ሕመም ማለቱ ነው፤ ፍለጋችን ግን ስለ አእዋፍ የሚያወሩ ገጾችን አመጣልን። ዱባይ የኖረች አንዲት ዘመዴን በስልክ ስጠይቃት ደግሞ የግእዝ ፊደል በስልኳ ላይ ጭና እንደማታውቅና ሁልጊዜ በላቲን ፊደል እንደምትጽፍ ነገረችኝ። በዚያ አጻጻፍ ጠ እና ተ አንድ ስለሚሆኑ «ጠራ» እና «ተራ» አይለዩም።

ወደ «ያስቀምጠዋል» ስንመለስ፣ የሥነ ልሳኗ ልጅ «ሥራችሁ አልቋል፤ ሁለቱም ከቀ-መ-ጠ ይወጣሉ» አለች። እውነቷን ነው፤ የ«ተቅማጥ»ም የ«ያስቀምጠዋል»ም ሥር፣ ማለትም ቃሉ የተገነባባቸው ተነባቢዎች፣ አንድ ነው። ቃልን ወደ ሥሩ የሚመልስ ሁለተኛ መተንተኛ ጽፈን ስንሞክር የእማማ ጥያቄ የተቅማጥ ወረቀቱን አገኘው፤ ደስታችንም ጩኸት ነበር። ሁለተኛው ውጤት ግን ባንኮች የሰበሰቡት ተቀማጭ ገንዘብ ስለ መጨመሩ የሚናገር ዜና ነበር። ጭ ከጠ መምጣቱን መተንተኛችን በትክክል አውቆ፣ በማወቁ ምክንያት ተሳሳተ። የሥር ፍለጋ ብቻውን እንደማይበቃ፣ አጠገቡ ያሉትን ቃላትም ማየት እንዳለበት የተረዳነው ያኔ ነው። «ልጅ» የሚል ቃል ያለባቸውን ሰነዶች ስናስቀድም ባንኩ ወደ ታች ወረደ።

የዘመን አቆጣጠሩን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው። «የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ የሚፈልገው እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2021 እስከ መስከረም 2022 ያለውን ዓመት ሲሆን፣ ሥርዓታችን ቁጥሩን በጎርጎርዮስ አቆጣጠር የተጻፉ ገጾች ላይ አገኘው። ይህንን ለማስተካከል ጊዜ አልነበረንም፤ በሪፖርታችን ላይ እንዳልፈታነው ጻፍን።

ምዘናውን ዳግመኛ ብሠራው ከመጀመሪያው ሰዓት የምለውጠው የዳኝነቱን አካሄድ፣ ማለትም የመጣው ሰነድ ለጥያቄው ምን ያህል እንደሚበቃ ነጥብ የምንሰጥበትን መንገድ ነው። ሁለት ሰዎች ተነጋግረው ነጥብ ሲሰጡ አንደበተ ርቱዑ ያሸንፋል፤ ሳይነጋገሩ ሰጥተው ልዩነታቸው ሲቆጠር ግን ጥያቄው ራሱ ግልጽ ያልሆነበት ቦታ ይታያል። ደግሞም ከባዶ መነሣት አልነበረብንም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የፈረንሳይዋ ቱሉዝ ተመራማሪዎች በ2020 እ.ኤ.አ. 12,583 ሰነዶችና 240 ጥያቄዎች ያሉት የአማርኛ መመዘኛ ስብስብ አውጥተዋል፤ ይህን የሰማነው ከሃካቶኑ ዳኞች አንዱ በሁለተኛው ቀን ሲነግሩን ነው። ሳምንት ቀደም ብለን ብናነብ ኖሮ የሰነድ መሰብሰቢያው ሰዓት ይተርፈን ነበር።

ማምሻ ላይ ያቀረብነው ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው ዕቅዳችን አንድ ዓምድ ይበልጥ ነበር፤ ርእሱ «ማን ጠየቀው» ይላል። ከጠዋቱ 60 ጥያቄዎች 20ውን ብቻ አስቀርተን፣ የቀሩትን ከሰዎች በሰማነው ተክተናል። ከነዚያ መካከል አንድ የጥበቃ ሠራተኛ የነገረን «ምች መታኝ» የሚል አለ። ዲያቆኑ በትኩሳትና በከንፈር ላይ ስለሚወጣ ቁስል የሚናገረው ወረቀት ይበቃዋል ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጠ፤ የሥነ ልሳኗ ልጅ ደግሞ ሰውዬው የሚፈልገው ዳማከሴ የት እንደሚገኝ ነው ብላ ዜሮ ሰጠች። አላስታረቅናቸውም፤ ሁለቱም ነጥብ እንደተለያየ በሰንጠረዡ ላይ አለ።